አንዲት ፊደል የምታመጣው ለውጥ
ስለ ድምፅና ስለ ቃል አሠራር

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል። ይህ ተረት ለሚናገር ሰው ብቻ የተነገረ ይመስላል። ነገር ግን ለሚያነብና ለሚጽፍ ሰውም ይሠራል።

እስቲ እነዚህን ሁለት ቃላት ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

አበዳሪ
ተበዳሪ

እያንዳንዳቸው አራት ፊደል አላቸው። ሦስቱ ፊደሎች በሁለቱም ቃላት ውስጥ አንድ ናቸው። የሚለዩት በመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ነው። ትርጉማቸው ግን ፊትና ጀርባ ነው። አበዳሪ ገንዘብ የሰጠ ነው። ተበዳሪ ገንዘብ የወሰደ ነው፤ ዕዳም አለበት። አንድ ሰው የመጀመሪያዋን ፊደል ሳያይ በችኮላ ቢፈርም፣ የሚቀበል መስሎት ከፋይ ሊሆን ይችላል።

ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ቃሉን ያነባል። የቃልን አሠራር ያወቀ ሰው ደግሞ ቃሉን ይፈታል። በዚህ ትምህርት ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ፣ ቃልም ከምን ከምን እንደሚሠራ እንማራለን። ለዚህም የሚያስፈልጉትን ጥቂት ስሞች እናውቃለን።

1. ፊደል ሌላ፣ ድምፅ ሌላ

ድምፅ በጆሮ ይሰማል። ፊደል በዓይን ይታያል። የሰው ልጅ ፊደል ከመፍጠሩ በፊት ብዙ ዘመን ሲናገር ኖሯል። ዛሬም ቢሆን ማንበብ የማይችል ሰው አጥርቶ ይናገራል፤ ይመክራል፤ የተጣላ ያስታርቃል። ስለዚህ ድምፅ ይቀድማል። ፊደል የድምፅ ምልክት ነው።

ምልክትና ድምፅ ሁልጊዜ አንድ ለአንድ አይሄዱም። ለምሳሌ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት ምልክቶች ናቸው፤ በአማርኛ ግን ድምፃቸው አንድ ነው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ሰው «ሠራ» ብሎ፣ ሌላው «ሰራ» ብሎ ቢጽፍ ሁለቱም የሚያነቡት አንድ ቃል ነው። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ግራ አይግባችሁ።

አሁን ደግሞ «በ» የምትለዋን ፊደል እንመልከት። ለዓይን አንዲት ፊደል ናት። ለጆሮ ግን ሁለት ድምፅ አለባት። የመጀመሪያው ከንፈር ገጥሞ ሲለቀቅ የሚሰማው «ብ» ነው። ሁለተኛው አፍ ተከፍቶ የሚወጣው «ኧ» ነው። እንደ «ብ» ያለው ድምፅ ተነባቢ ይባላል። እንደ «ኧ» ያለው ድምፅ አናባቢ ይባላል። አናባቢ የተባለው ተነባቢውን አጅቦ እንዲነበብ ስለሚያደርገው ነው።

የአማርኛ አናባቢዎች ሰባት ናቸው። እነርሱም ኧ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኣ፣ ኤ፣ እ፣ ኦ ናቸው። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ ስንል ተነባቢው አልተለወጠም። የተለወጠው አናባቢው ነው።

አናባቢ ሲለወጥ ትርጉም ይለወጣል። ምሳሌ፦

ዳር — የእርሻ ዳር
ዱር — አውሬ የሚኖርበት ዱር
ድር — ሸማኔ የሚያደራው ድር

ሦስቱም ቃላት ተነባቢያቸው ድ እና ር ነው። የለያቸው በመካከል ያለው አናባቢ ነው።

ከሀ እስከ ፐ ያሉት የፊደል ቤቶች 33 ናቸው። እያንዳንዱ ቤት ሰባት መልክ አለው። 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ይህ ቁጥር አያስፈራም። 33ቱን ቤቶችና የሰባቱን መልኮች አወጣጥ ያወቀ ሰው ሁሉንም አወቀ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስድስተኛው ፊደል፣ ማለትም ሳድስ፣ አንዳንድ ጊዜ አናባቢ የለውም። «ትምህርት» የሚለውን ቃል «ት፣ ም፣ ህ፣ ር፣ ት» እያልን ፊደል በፊደል ብንለያየው ቃሉ አይገባንም። «ትም—ህርት» ብለን በሁለት ትንፋሽ ስናነበው ግን ወዲያው እናውቀዋለን። እንዲህ ባንድ ትንፋሽ የሚወጣው የቃል ቁራጭ ክፍለ ቃል ይባላል። «ገበሬ» ሦስት ክፍለ ቃል አለው፦ ገ—በ—ሬ። «መሬት» ሁለት አለው፦ መ—ሬት። «ከብት» አንድ ነው።

2. ድምፅ በአፍ ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ድምፅ ከሳንባ በሚወጣ አየር ይጀምራል። አየሩ በጉሮሮ፣ በምላስ፣ በጥርስና በከንፈር እየተያዘና እየተለቀቀ ልዩ ልዩ ድምፅ ይሆናል። ይህን በራሳችሁ አፍ ሞክሩት።

«ብ» በሉ። ሁለቱ ከንፈሮች ይገጥማሉ።
«ፍ» በሉ። የታችኛው ከንፈር የላይኛውን ጥርስ ይነካል።
«ት» እና «ድ» በሉ። የምላስ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ይደርሳል።
«ክ» እና «ግ» በሉ። የምላስ ሥር ወደ ላይ ይነሣል።

አሁን ደግሞ እጃችሁን በጉሮሯችሁ ላይ አድርጉ። «ስስስ» በሉ። ጉሮሮ ዝም ይላል። «ዝዝዝ» በሉ። ጉሮሮ ንብ እንደገባበት ቀፎ ይነዝራል። ምላሳችሁ ግን በሁለቱም ጊዜ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። የ«ስ» እና የ«ዝ» ልዩነት ይህ የጉሮሮ ንዝረት ብቻ ነው። «ሠራ» እና «ዘራ» የሚለዩት በዚህ ነው።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ትንፋሻችሁን በጉሮሯችሁ ያዙና «ጥ»፣ «ቅ» በሉ። ይወጣሉ። ትንፋሻችሁን እንደያዛችሁ «ስ» ለማለት ብትሞክሩ ግን አይወጣም። ጥ፣ ቅ፣ ጭ፣ ጵ እና ጽ ጉሮሮ ተዘግቶ፣ እንደ ጅራፍ ጮኽ ብለው የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው። እነዚህን ሦስት ቃላት እየደጋገማችሁ በሉ።

ድል — ጠላትን ማሸነፍ
ትል — ሰብል የሚበላ
ጥል — ያለመስማማት

ምላሳችሁ ያረፈበት ቦታ አንድ ነው። ጉሮሮ ግን በመጀመሪያው ይነዝራል፤ በሁለተኛው ዝም ይላል፤ በሦስተኛው ይዘጋል። «ከበሮ» እና «ቀበሮ» የሚለያዩትም እንዲሁ ነው። ከበሮ ይመታል፤ ቀበሮ በግ ይሰርቃል።

3. መጥበቅና መላላት

በአማርኛ አንድ ተነባቢ ጠብቆ ወይም ላልቶ ይነገራል። ሲጠብቅ ድምፁ ይረዝማል፣ ይከብዳልም። ሲላላ ቶሎ ያልፋል። ችግሩ በጋዜጣም ሆነ በውል ወረቀት ላይ ይህ አለመጻፉ ነው። አንዳንድ የቋንቋ መጻሕፍት ከፊደሉ በላይ ነጥብ ያደርጋሉ። በዕለት ተዕለት ጽሑፍ ግን አንባቢው ራሱ ከነገሩ አካሄድ ማወቅ አለበት።

ምሳሌ፦
«ሰፊ» ላልቶ ሲነበብ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው። ጠብቆ ሲነበብ ጠባብ ያልሆነ ማለት ነው።
«ገና» ላልቶ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ጠብቆ የልደት በዓል ነው።
«ዋና» ላልቶ ውሃ ውስጥ መዋኘት ነው። ጠብቆ አለቃ፣ ትልቅ ማለት ነው።
«አለ» ላልቶ ተናገረ ማለት ነው። ጠብቆ ይገኛል ማለት ነው።

አሁን ይህን አንብቡ።

በሬው ይበላል።

ላልቶ ከተነበበ በሬው ሣሩን እየጋጠ ነው። ጠብቆ ከተነበበ በሬው ሊታረድ ነው! ለበሬው ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ፊደሉ አንድ ነው።

በፍርድ ቤት ወረቀት ላይም «ምስክሩ ይሰማል» የሚል ይገኛል። ጠብቆ ይነበባል፤ ምስክሩ ቃሉን ይሰጣል፤ ዳኛው ይሰሙታል ማለት ነው። አላልቶ ያነበበ ሰው ምስክሩ ዝም ብሎ ያዳምጣል ብሎ ይረዳል። እንግዲህ አንድ ቃል ሁለት መንገድ ካለው፣ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ማየት ያስፈልጋል። የባለቅኔዎች ሰምና ወርቅም ብዙ ጊዜ በዚሁ በመጥበቅና በመላላት ላይ ይሠራል። ውል ግን ቅኔ አይደለም። ውል ሁለት ትርጉም ሊኖረው አይገባም።

4. የቃል ሥር

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። ቃልም ሥር አለው። እነዚህን ተመልከቱ።

ከፈለ፣ ይከፍላል፣ መክፈል፣ ክፍል፣ ተከፈለ፣ አስከፈለ

በሁሉም ውስጥ የማይጠፉ ሦስት ተነባቢዎች አሉ፦ ክ፣ ፍ፣ ል። የእነዚህ ቃላት ሥር ይህ ነው።

ቤት ስንሠራ መጀመሪያ ምሰሶ እናቆማለን። ከዚያ ጭቃ እንመርጋለን። የቃል ተነባቢዎች እንደ ምሰሶ ናቸው። አናባቢዎች እንደ ጭቃው ናቸው። ምሰሶው ሳይነቀል ምርጊቱን በመለዋወጥ ብዙ ቃል ይሠራል። ስ፣ ብ፣ ር የሚለውን ሥር ውሰዱ። ሰበረ፣ ሰባራ፣ ስብራት፣ ስባሪ፣ ይሰብራል እንላለን። ሁሉም የመሰበርን ነገር ይናገራሉ።

አዲስ ቃል ሲገጥማችሁ ሥሩን ፈልጉ። «አከፋፈል» የሚለውን ቃል ከዚህ በፊት አይታችሁት ባታውቁ እንኳ፣ ክ፣ ፍ፣ ል ስላለበት ከመክፈል ጋር የተያያዘ መሆኑን ትደርሱበታላችሁ።

5. የፊደሎች ዝምድና

«ከፋይ» የሚለው ቃል ከ«ከፈለ» የመጣ ነው። ታዲያ «ል» የት ሄደች? አልጠፋችም። ወደ «ይ» ተለወጠች። ገደለ — ገዳይ እንደምንለው ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ በአማርኛ ብዙ ነው፤ ሥርዓትም አለው። እነዚህን አንብቡ።

አረሰ — አራሽ — ስ ወደ ሽ
ከፈተ — ከፋች — ት ወደ ች
ለመነ — ለማኝ — ን ወደ ኝ
ገዛ — ገዥ — ዝ ወደ ዥ
ወሰደ — ወሳጅ — ድ ወደ ጅ
ሸጠ — ሻጭ — ጥ ወደ ጭ

አሁን መልካቸውን አስተያዩ። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ዘ እና ዠ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የግዕዝ ፊደል 26 ቤት ነበረው። ግዕዝ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ የሚሉ ፊደሎች አልነበሩትም። አማርኛ መጻፍ ሲጀምር እነዚህን ድምፆች የሚያሳይ ምልክት አስፈለገ። የጥንት ጸሐፊዎች አዲስ ቅርጽ ከመፍጠር ይልቅ፣ በድምፅ የሚቀርበውን የግዕዝ ፊደል ወስደው ምልክት ጨመሩበት። በዚሁ መንገድ ከ«ከ» ደግሞ «ኸ» ወጣ። ሰባቱ ተጨምረው 33 ሆኑ። እነዚያ ጸሐፊዎች ጆሯቸው ምን ያህል ንቁ እንደነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ለሴት ስናዝም ይኸው ለውጥ ይመጣል። ውሰድ — ውሰጂ፤ ክፈት — ክፈቺ፤ ለምን — ለምኚ፤ ሽጥ — ሽጪ፤ ክፈል — ክፈይ። ማንም ሳያስተምረን ከልጅነታችን ጀምሮ በዚህ ሥርዓት እንናገራለን። የቋንቋ ሥርዓት በምሁር መጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በእያንዳንዳችን አፍ ውስጥ አለ።

6. መነሻና መድረሻ

«ለበሬዎቻችን» የሚለው ቃል ረዥም ይመስላል። ስንፈታው ግን አራት ቁራጭ ነው።

ለ + በሬ + ዎች + ኣችን

«ለ» ለማን እንደሆነ ያሳያል። «በሬ» ዋናው ነገር ነው። «ዎች» ብዛትን ያሳያል። «ኣችን» የእኛ መሆኑን ይናገራል። «ች» ከ«ኣ» ጋር ሲገናኝ «ቻ» ሆኗል። እንዲህ ትርጉም ያላት ትንሿ የቃል ክፍል ምዕላድ ትባላለች። «በሬ» ብቻውን መቆም ስለሚችል ነፃ ምዕላድ ነው። «ዎች» ብቻውን ስለማይቆም ጥገኛ ምዕላድ ነው። ከዋናው ቃል በፊት የሚገባው ባዕድ መነሻ፣ በኋላ የሚቀጠለው ባዕድ መድረሻ ይባላል።

እነዚህ ትንንሽ ቁራጮች ትልቅ ጉዳይ ይይዛሉ። ከዚህ በታች ያሉትን ጥንዶች አስተውሉ።

ሀ. አከራይ — ተከራይ። በ«አ» የጀመረው ሰጪ ነው። በ«ተ» የጀመረው ተቀባይ ነው። አበዳሪና ተበዳሪም እንዲሁ።

ለ. ከፈልኩ — አልከፈልኩም። «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ ሆነው ቃሉን እንደ አጥር ከበው ነገሩን ያፈርሱታል።

ሐ. ሲከፍል — ሳይከፍል። የመጀመሪያው በከፈለ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ክፍያ የለም።

መ. ከከፈለ — ካልከፈለ። በ«ካል» ውስጥ የተደበቀችው «አል» ናት።

ሠ. ፈረደለት — ፈረደበት። «ለት» ጥቅም ነው፤ «በት» ጉዳት ነው። ከፍርድ ቤት «ፈረደለት» ተብሎ የሚወጣና «ፈረደበት» ተብሎ የሚወጣ ሰው እኩል አይስቁም።

ረ. አበዳሪው ተበዳሪውን ከሰሰ — አበዳሪውን ተበዳሪው ከሰሰ። ቃላቱ አንድ ናቸው። «ን» ቦታ ስትለውጥ ከሳሽ ተከሳሽ ሆነ። ድርጊቱ ያረፈበትን የምታሳይ «ን» ናት።

ሰ. ይከፍላል — ይከፈላል። በ«ፍ» ሲሆን የሚከፍል ሰው አለ። በ«ፈ» ሲሆን የሚነገረው ስለ ገንዘቡ ነው፤ የሚከፍለው ሰው አይታወቅም።

7. ውል ስናነብ

አሁን ያወቅነውን ሥራ ላይ እናውለው። አንድ ገበሬ ጥማድ በሬ ሊከራይ ነው እንበል። የተጻፈው ውል እንዲህ ይላል።

«ተከራይ ከአከራይ የተከራየውን ጥማድ በሬ ለአንድ ወር ይጠቀምበታል። ኪራዩ 3,000 ብር ነው። ተከራይ ግማሹን ዛሬ ከፍሏል። ቀሪውን በወሩ መጨረሻ ይከፍላል። በቀኑ ካልከፈለ በሬዎቹን ለአከራይ ይመልሳል። በሬዎቹ ጉዳት ከደረሰባቸው ለአከራይ ካሣ ይከፈላል።»

በመጀመሪያ በ«ተ» የሚጀምረው ማን እንደሆነ እንይ። ተከራይ በሬ የሚወስደው ነው። ከዚያ ግሦቹን እንቁጠር። «ከፍሏል» ያለቀ ነገር ነው፤ 1,500 ብር ተሰጥቷል። ስለዚህ ደረሰኝ ወይም ፊርማ መኖር አለበት። «ይከፍላል» ወደፊት የሚሆን ነው። «ካልከፈለ» ሲፈታ «ባይከፍል» ማለት ነው።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ቆም እንበል። «ካሣ ይከፈላል» ይላል፤ በ«ፈ» ነው። ማን ይከፍላል? አልተጻፈም። ተከራዩ ነው? በሬዎቹ በበሽታ ቢሞቱስ? ጅብ ቢበላቸውስ? ይህች አንዲት ፊደል ነገ ሁለት ጎረቤት ልታካስስ ትችላለች። ስለዚህ ከመፈረም በፊት እንዲህ ተብሎ እንዲስተካከል መጠየቅ ይገባል፦ «በሬዎቹ በተከራይ ጥፋት ከተጎዱ ተከራይ ለአከራይ ካሣ ይከፍላል። በበሽታ ከሞቱ ግን ካሣ አይከፍልም።» አሁን ከፋዩም ምክንያቱም ታወቀ። ሁለቱም ወገኖች የተስማሙበትን ነገር ወረቀቱ ራሱ ይናገራል።

ማንም ሰው «ይህቺ ፊደል ምን ትላለች? ማን ነው ከፋዩ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር አይደለም። አንብቦ ያልገባውን መጠየቅ የአንባቢ መብት ነው። ጸሐፊው ቢቸኩል እንኳ ፈራሚው መቸኮል የለበትም። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው የፈራሚው ስም ነውና።

መያዝ የሚገባቸው ስሞች

ተነባቢ — አየር በአፍ ወይም በጉሮሮ ተይዞ ወይም ጠቦ የሚወጣ ድምፅ፤ እንደ ብ፣ ስ፣ ክ።
አናባቢ — አፍ ተከፍቶ የሚወጣ ድምፅ፤ እንደ ኡ፣ ኣ፣ ኦ።
ክፍለ ቃል — ባንድ ትንፋሽ የሚወጣ የቃል ቁራጭ።
ሥር — በተዛመዱ ቃላት ውስጥ የማይጠፉ ተነባቢዎች።
ምዕላድ — ትርጉም ያላት ትንሿ የቃል ክፍል።
ባዕድ መነሻ — ከዋናው ቃል በፊት የሚገባ ምዕላድ።
ባዕድ መድረሻ — ከዋናው ቃል በኋላ የሚቀጠል ምዕላድ።

ጥያቄዎች

1. ዘር፣ ዙር፣ ዞር የሚሉት ቃላት በምን ይመሳሰላሉ? በምን ይለያሉ?
2. እጃችሁን በጉሮሯችሁ ላይ አድርጋችሁ «ፍ» እና «ብ» በሉ። የሚነዝረው የትኛው ነው?
3. «ከገበሬዎቻችን» የሚለውን ቃል ወደ ምዕላዶቹ ከፋፍሉ።
4. ከ«ነገደ» ነጋዴ ይባላል። ከ«ፈረደ»፣ ከ«ሠራ»፣ ከ«ሸመነ» ምን ምን ቃላት ይወጣሉ? ሥራቸውን አውጡ።
5. «ዳኛው ፈረደበት» እና «ዳኛው ፈረደለት» በሚሉት ውስጥ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ የሚሄደው ማን ነው? ለምን?
6. በቤታችሁ ያለ አንድ ደረሰኝ፣ ውል ወይም የይዞታ ደብተር አውጡ። በውስጡ «አል»፣ «ካል»፣ «ሳይ» ወይም «በት» ያለባቸውን ቃላት ፈልጋችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ትርጉማቸውንም ከጎረቤታችሁ ጋር ተወያዩበት።